ቀኝ እጅ የአፍንጫ ነው

እቴቴ የዱር ነጭ ሽንኩርት ቅጠል ስትለቅም ቀኝ እጇ ኪሷ ውስጥ ነው። በግራዋ ትቀጥፋለች፤ ከዚያ ቀኟ ከኪስ ብቅ ትልና ቅጠሏን በሁለት ጣት አሸት አድርጋ አፍንጫዋ ላይ ታደርሳለች፤ ወዲያው ተመልሳ ትገባለች። ኪሷ ውስጥ በሎሚ የራሰ ጨርቅ አለ። ቅጠል፣ አፍንጫ፣ ኪስ። ቅጠል፣ አፍንጫ፣ ኪስ። እንዲህ እያለች አንዲት ማዳበሪያ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጅባታል።

አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ፣ “ቀኝ እጅ የአፍንጫ ነው” አለች። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ይኼም መልስ ተብሎ!

የእህቷ ልጅ እንዲህ ያለ መልስ አይዋጥላትም። ሰፈሩ “ምላጭ” ነው የሚላት። ስትቆርጥህ አይሰማህም፣ ደሙን ስታይ ነው የምታውቀው ይሏታል። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ፣ ከዚያ ወዲያ ያወቀችውን ሁሉ ራሷን ያስተማረች ናት። ራሱን ያስተማረ ሰው ደግሞ አንድ ችግር አለበት፤ መምህሩን ከመጠን በላይ ያከብራል። ለምላጭ፣ ምክንያቱ ያልተነገረ ደንብ ሁሉ የአሮጊት አመል ነው። የሎሚውን ጨርቅማ እጅ ለማለስለስ የተያዘ ነው ብላ ከደመደመች ቆይታለች። “እቴቴ፣ ሙሽራ ልትሆኚ ነው እንዴ?” እያለች ታሾፍባታለች። እቴቴም ትስቃለች እንጂ አታስረዳም።

ቅጠሏ የምትበቅለው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው ኮረብታ፣ ጥላ ባለበት፣ እርጥበት ባለበት ነው። ከመሬት በታች የትንሽ ጣት ጫፍ የምታክል ነጭ ራስ አለቻት፤ ከመሬት በላይ ሰፊና ለስላሳ ቅጠል። የምትበላው ቅጠሏ ነው። አበባ ከማውጣቷ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ካልተለቀመች ቅጠሏ ይመርራል። “ጸጉሯን ላጪያት፣ ራሷን ግን አትንኪባት፣ ለከርሞ እንፈልጋታለን” ትላለች እቴቴ።

ታዲያ ይህቺ ቅጠል እህት የምትመስል ጠላት አለቻት። አስመሳይ ነው የሚሏት። አጠገቧ ትበቅላለች፤ ቁመቷም፣ አረንጓዴዋም፣ ስፋቷም ያው ነው። የበላት ሰው ያስመልሰዋል፣ ልቡ ምቱን ይስታል፣ ሲብስም አይነሣም። አንዱ ልዩነታቸው አገዳው ላይ ነው፤ የሽንኩርቷ ቅጠል እያንዳንዷ በራሷ አገዳ ትወጣለች፣ የአስመሳይ ግን ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ሌላውን ጠቅልሎ ነው። እጅ ሲፈጥን ይህን ማን ያያል? ሌላው ልዩነት ሽታ ነው። አስመሳይ አትሸትም።

ይህን ሁሉ ምላጭ ታውቃለች። የማታውቀው ነገር አለ ቢሏት እሷው ናት የምትስቀው።

ዘንድሮ እቴቴ ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ከጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጀሶ ሆና በሁለት ትራስ ላይ ተንጋላ፣ ሰው ስትፈልግ ጀሶዋን በማንኪያ ቋ ቋ ታደርጋለች። እቴቴ ደግሞ በየዓመቱ ቅጠሏን ለማተሚያ ቤቱ ወጥ ቤት ታቀርባለች፤ ሠራተኞቹም ዓመት ሙሉ የዚህችን ቅጠል ሾርባ ነው የሚጠብቁት።

“እኔ እሄዳለሁ” አለች ምላጭ።

“በግራሽ ልቀሚ።”

“እቴቴ፣ በአንድ እጅ አይጨበጨብም።”

“ጭብጨባ መቼ ላክሁሽ?”

ዓርብ ገና ሲነጋ ኮረብታው ላይ ነበረች። በሁለቱም እጇ ገባችበት። እፍኝ ትቀጥፋለች፣ እፍኙን አፍንጫዋ ላይ ደፍታ ትስባለች፣ ሽንኩርት! ወደ ማዳበሪያው። እንደገና እፍኝ፣ ሽንኩርት! ወደ ማዳበሪያው። አንዲት እፍኝ እንኳ ሳታሸት አላሳለፈችም፤ በዚህ ማንም አይማት። ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሆን ሁለት ማዳበሪያ ሞላች። እቴቴ አንዷን እንኳ በግማሽ ቀን ነው የምትሞላው።

ሦስት ሰዓት ላይ የማተሚያ ቤቱ ወጥ ቤት በር ላይ አወረደቻቸው። ሼፉ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰውዬ፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ወጣ።

“እቴቴስ?”

“እግሯን ጀሶ ከታ ዓለምን ታዛለች።”

“አንቺ ነሽ የለቀምሽው?”

“ኧረ ንፋስ ነው ያመጣው።”

ሼፉ ሳቀ። “ሁለት ማዳበሪያ? በአንድ ጠዋት?”

“እሷ በአንድ እጅ ስለምትለቅም እኮ ነው። እኔን ፈጣሪ ሁለት ሰጥቶኛል።”

“አሽትተሻል?”

“እፍኝ በእፍኝ። እርስዎ አፍንጫዎን ያስገቡና ይፍረዱ።”

ሼፉ አፍንጫውን ማዳበሪያው አፍ ላይ ደፋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ተነፈሰ። ፊቱ በራ። “አትክልት ክፍል ያለችው ሴትዮ በዚህ ሳምንት ትለቃለች” አለ ቀና ሲል። “ሾርባው ይጣፍጥና፣ ሰኞ ጠዋት ነጭ ጋውን ይጠብቅሻል።”

ምላጭ ምንም እንዳልመሰላት ሆና፣ “አስቤበት እነግርዎታለሁ” አለች። ልቧ ግን ጣራ ነክቶ ተመለሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፎቅ ደረጃ በጉልበቷ ተንበርክካ ስታጥብ ኖራለች። ቆሞ መሥራት! ስም ያለው ሥራ! መንገዱን የተመለሰችው እየሄደች ነው ወይስ እየበረረች፣ እሷም አታውቀው።

ቤት እንደገባች ለእቴቴ ሁሉን አወራች፣ ጋውኑን ሁለት ጊዜ። በስድስት ሰዓት ሼፉ ሾርባውን መጥታ እንድትቀምስ ጠርቷታልና መታጠብ አለባት። እጇን በሳሙና አሸች። ሽታው አልለቅ ሲላት ሎሚ ቆርጣ እስከ ክንዷ ፈተገችው። ከዚያ ለእቴቴ ምሳ ያስቀረችላትን አንድ እፍኝ ቅጠል መክተፊያው ላይ ዘረገፈችና ቢላዋ አነሣች።

ገና አንዷንም ሳትነካ፣ ዓይኗ ከላይ ያለችው ላይ ሲያርፍ ቢላዋው ቆመ።

ሁለት ቅጠሎች ናቸው፣ ግን አንድ ናቸው። ከታች ጫፋቸው አንዱ ሌላውን እንደ ሕፃን ጠቅልሎ ይዞታል።

በታጠበው እጇ ጫፉን ቀደደችና አሸተተች። ሣር። እርጥብ ሣር፣ ሌላ ምንም።

“አይደለም” አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሌላዋን ቅጠል አነሣች፤ አሸት አድርጋ አሸተተች። ሽንኩርት፣ ያውም የሚያስነጥስ። እሰይ። ተመልሳ ያቺን ጥቅል ቅጠል አንሥታ አሸተተች። ሽንኩርት!

እዚያው ቀጥ ብላ ቀረች። አሁን ሣር የነበረችው ቅጠል እንዴት ሽንኩርት ሆነች?

ጣቶቿን አየች። ቀስ ብላ አሸተተቻቸው። ጣቶቿ ናቸው የሚሸቱት። አንዲት ቅጠል ብትነካ ነው እንዲህ የሆኑት፤ ኮረብታው ላይ ደግሞ በሁለት እጇ ሙሉ እፍኝ፣ ሙሉ ጠዋት። ከመጀመሪያዋ እፍኝ በኋላ እኮ ያሸተተችው ቅጠሉን አልነበረም። እጇን ነው ያሸተተችው። ድንጋይ ብታነሣ ሽንኩርት ብላ ማዳበሪያው ውስጥ ትከተው ነበር።

ቅጠል፣ አፍንጫ፣ ኪስ። በሎሚ የራሰ ጨርቅ።

ከመኝታ ቤት ጀሶው ቋ ቋ አለ። “ምነው ዝም አልሽ? አንቺ ዝም ስትዪ ያስፈራኛል።”

“ምንም! የረሳሁት ነገር አለ!” የቀሩት ቅጠሎች ሁሉም ነጠላ ናቸው፤ ግን በሙሉ ቆሻሻ ውስጥ ደፋቻቸው፤ ያቺን ጥቅል ብቻ በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ሰዓቱ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነው። ስልኳን አንሥታ ሼፉ ጋ ደወለች። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ማንም አያነሣም። ምጣድና ቢላዋ ባለበት ስልክ አይያዝም ብሎ ደንብ ያወጣው ራሱ ሼፉ ነው፤ ስልኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ለኮቱ ይጮኻል። የማተሚያ ቤቱን የቢሮ ቁጥር ሞከረች፤ መስመሩ ተይዟል። እንደገና፤ ተይዟል።

እግሬ አውጪኝ አለች።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ፊቷን አዙራ፣ “ምን ሸተተ? ሰው ነው ወይስ ጓሮ የተሳፈረው?” አለች ጮክ ብላ። ሌላ ቀን ቢሆን ምላጭ ቀድዳ ትሰፋት ነበር። ዛሬ ግን አንድ እግሯን አንሥታ ሌላውን ትጥላለች፣ መስኮት ታያለች፣ ሰዓት ታያለች፣ ኪሷን ትዳብሳለች።

ልቧ ደግሞ መከራከር ጀመረ። አንዲት ናት እኮ። ከሁለት ማዳበሪያ አንዲት ተሳስታ ገብታ፣ እሷም ተመርጣ ቤት ቀርታ ይሆናል። እንዲያውም እድለኛ ነሽ። አሁን ሄደሽ ምን ልትዪ ነው? መርዝ ለቅሜ አበላኋችሁ? ሰኞ ጋውኑን ማን ይሰጥሻል? ዕድሜ ልክሽን ደረጃ! ወዲያው ሌላኛው ወገን ይነሣል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አንዲት ቤትሽ ከገባች ማዳበሪያው ውስጥ ስንት ገባች? ሰማንያ ሰው ነው የሚበላው። ሰማንያ!

ድልድዩ ጋ መኪናው ሁሉ ቆመ። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደገፈ።

“ወራጅ አለ!” ብላ ጮኸች።

“እዚህ ፌርማታ የለም፣ እህቴ።”

“እግር አለኝ፣ ፌርማታ አልፈልግም! ክፈትልኝ!”

“እንዲህ የምትቸኩዪው ወዴት ነው?”

“ሰው ልገድል ነው!” አለች፤ ያሰበችው ሌላ ነበር፣ የወጣው ግን ይኼ ነው። ሾፌሩ በሩን ለመክፈት የወሰደበት ጊዜ አልነበረም።

ሮጠች። የጫማ መሸጫዎቹን፣ የመስታወት ቤቱን፣ የተቆፈረውን መንገድ አለፈች። ትንፋሿ ሲያጥር ትራመዳለች፣ ስትራመድ ሐሳቡ ይያዛታል፣ ሲይዛት እንደገና ትሮጣለች። ከሐሳቡ መሸሿ ነው ወይስ ለሰዎቹ መድረሷ፣ መለየት አቃታት። የማተሚያ ቤቱ ጭስ ማውጫ በታየበት ማዕዘን ላይ ሐሳቡ አንድ ጥሩ ስጦታ ይዞላት መጣ፤ ውሸት። ኮረብታው ላይ የተባይ መድኃኒት ተረጭቷል፣ አሁን ሰማሁ ትላለች። የረጩት ሰዎች ጥፋት ይሆናል። እሷ እንዲያውም ደርሳ ያዳነች ትባላለች። ጋውኑም ይቀራል፣ ሰዉም ይተርፋል። እሰይ የኔ ብልህ! ልቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ አለ።

ለስድስት አሥር ጉዳይ ላይ በጓሮ በር ገባች። ሁለቱ ትልልቅ ብረት ድስቶች ከእሳት ወርደዋል፤ ሾርባው እንደ ሜዳ አረንጓዴ ሆኖ ይተናል። ቅጠሉ ደቅቆ ተከትፏል፤ አሁን ማን ማን እንደሆነ የሚለይ ዓይን ከሰማይ በታች የለም። ሼፉ ጭልፋ ይዞ ቆሟል። በአዳራሹ በር በኩል የጥራዝ ክፍል ሴቶች ተሰልፈው ይጫጫሉ።

“ሼፍ፣ ሾርባው እንዳይወጣ!”

“እንዴ! ጅብ ነው ያባረረሽ?”

“መድኃኒት… ኮረብታው ላይ መድኃኒት ረጭተውበታል። የተባይ። አሁን ነው የሰማሁት።”

ሼፉ ትከሻውን ሰበቀ። “ሦስት ውሃ ነው ያጠብነው። ደግሞ ፈልቷል። ማነው የረጨው?”

“ሰዎች።”

“የት የሰማሽው?”

“አውቶቡስ ውስጥ።”

“አይ ምላጭ፣ በአውቶቡስ ወሬማ ዓለም ስንቴ ጠፍታለች!” ብሎ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ነከረ። ሰልፉ ፊት የቆመችው የጥራዝ ክፍል አለቃ ሳህኗን ዘረጋች።

የታጠበ መርዝ ይለቃል። ውሸቱ እዚህ ጋ ቀዳዳ እንዳለው አላየችም ነበር። የሷ ነገር ግን በሦስት ውሃም በሠላሳ ውሃም አይለቅም። ጭልፋው ሞልቶ ሲነሣ አየች፤ ወደ ሳህኑ ሲሄድ አየች።

“አንተ! ስማኝ!”

ሁሉም ዞሮ አያት። ሼፉን “አንተ” ያለው ሰው እዚያ ቤት ተሰምቶ አይታወቅም። ምላጭ ጭልፋውን ከነእጁ ያዘችው፤ ትኩሱ ሾርባ አንጓዋ ላይ ፈሰሰ።

“መድኃኒት የለም። ዋሽቻለሁ። እኔ ነኝ። አስመሳይ ለቅሜያለሁ።”

“አሽትቻለሁ አላልሽም?”

“ያሸተትኩት እጄን ነው!” ከኪሷ ወረቀቱን አወጣች፣ ጥቅሏን ቅጠል አሳየችው። “ይህቺን አሽትት። አሁን ደግሞ መዳፌን አሽትትና መልሰህ እሷን በኔ እጅ አሽትታት። ሁለት ማዳበሪያ እንዲህ አድርጌ ነው የለቀምኩት። ስንት እንደገባ አላውቅም። ምናልባት ምንም። ምናልባት ብዙ።”

ሼፉ ቅጠሏን አሸተተ። መዳፏን አሸተተ። ሠላሳ ዓመት እጁ ሽንኩርት ሲሸት የኖረ ሰው ነው፤ ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለገውም። ፊቱ ዱቄት መሰለ። ጭልፋውን አስቀመጠና ዞር ብሎ፣ “ማን በልቷል?” አለ በቀጭን ድምፅ።

“ጋሽ አራሚ” አለች የጥራዝ ክፍል አለቃዋ።

አራሚው ሁልጊዜ ከሰው ቀድሞ ይበላል፤ ከሰዓት በኋላ ስህተታቸው የሚታረም ገጾች ይጠብቁታልና። መስኮቱ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ማንኪያውን አፉና ሳህኑ መካከል አቁሞ ያያቸዋል። ሳህኑ ተጋምሷል።

ሁለቱን ድስት ገልብጠው ደፉ። ሰማንያ ሰው በዳቦና በማርማላታ ምሳውን ፈጸመ። ምላጭ በመካከላቸው ስታልፍ አንዲት፣ “በአፏ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ በእጇም ትነድፋለች!” አለች። ሳቅ ሆነ። እሷ ግን አራሚውን ደግፋ መኪና ውስጥ እያስገባች ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ቅጠሏን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። የልብ ምቱን በየግማሽ ሰዓቱ እያዩ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዲያቆዩት ተወሰነ። አራሚው አልጋው ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። ምላጭ መቀመጥ አልቻለችም። ከበር እስከ መስኮት ስምንት እርምጃ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደቆጠረችው ራሷ ቆጣሪዋ ጠፋት።

“እባክሽ ተቀመጪ፣ ልጄ። ልቤን የምታስቸግሪው አንቺ ነሽ እንጂ ሾርባው አይደለም።”

“ምን ይሰማዎታል፣ ጋሼ? ሆድዎን? ራስዎን?”

“ርሃብ። ግማሽ ሳህን ላይ አይደል ያስቆምሽኝ?” አላት። ቆይቶ ደግሞ፣ “አርባ ዓመት የሰው ስህተት ለቅሜ ኖርኩ። የበላሁት ግን ዛሬ ነው።”

እሷ ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ምላጭ ሰው ፊት አታለቅስም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነርሷ፣ “ልብዎ ከኔ ይሻላል፣ ይሂዱ” አለችው። አራሚው ኮቱን ለብሶ ወጣ። ሾርባው ውስጥ የነበረው ምንድን ነው? ነበረ ወይስ አልነበረም? ማንም አያውቅም። ድስቱ ተደፍቷል፣ ቅጠሉ ተከትፏል።

እቴቴ ሁሉን ሰማች። መጨረሻ ላይ ማንኪያዋን አንሥታ ጀሶዋን መምታት ያዘች፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አለች ምላጭ። ቁጣዋ የሚያርፍበት አጥቶ ነበር፤ አሁን አገኘ። “ጨርቁ ለምን እንደሆነ አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ቀኝ እጅ የአፍንጫ ነው! ተረት ነው እንዴ?”

“ምክንያቱን ከነገርኩሽ ከየት አወቅሽው ትዪኛለሽ።”

“ከየት አወቅሽው?”

እቴቴ ማንኪያውን አስቀመጠች። “ባሌን ታስታውሺዋለሽ?”

“ሥጋ የማይበላው?”

“ሥጋ ነፍሱ ነበር። በተጋባን በዓመቱ በሁለት እጄ ለቅሜ፣ እንዳንቺ እያሸተትኩ፣ አበላሁት። እኔ የዚያን ቀን አላሰኘኝም፣ አልበላሁም። ሁለት ቀን ሙሉ አስመለሰው። ነፍሱ ጥርሱ ላይ ቆማ እጄን ይዞ፣ ምንድን ነው የበላሁት? አለኝ። ከምሳው ጋር ሥጋ ነበር። ሥጋው ነው አልኩት።” ትራሷን አስተካከለች። “ዳነ። ከዚያ በኋላ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሥጋ አልቀመሰም። ሰው ሲጋብዘው፣ ሚስቴ ባታውቅልኝ ኖሮ ሥጋ ገድሎኝ ነበር ይላል። እያመሰገነኝ ሞተ።”

ምላጭ መሳቅም መናደድም ቃጣት። የአጎቷ ሳህን ትዝ አላት፤ ሁሉ ሰው ሲቆርጥ እሱ ድንቹን በሹካ ሲያሳድድ።

“እና ደንቡን ያዝሽ፣ ምክንያቱን ዋጥሽ።”

“ዋጥኩ። አንቺ ግን ተፋሽው” አለች እቴቴ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቅዳሜ ጠዋት ሼፉ ደወለ። ድምፁ ላይ ሳቅ ነበር። አራሚው በጠዋት ገብቶ እንደ ወጣት እየሠራ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ያወራል፤ ምላጭ በአንዲት ቅጠል ደንግጣ ሁለት ድስት ሾርባ አስደፋች እያሉ ይስቃሉ። “ይኼውልሽ” አላት፣ “እኔም ሳስበው፣ ያቺው አንዷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ድንጋጤ ነው። የሚደነግጥ ሰው ደግሞ ለወጥ ቤት ይሻላል። ሰኞ ነይ። ‘አንተ’ ያልሽኝን ግን አልረሳሁም።”

“እሺ” አለች። “አመሰግናለሁ።”

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። ቤቱን ጠረገች። የጠረገችውን መልሳ ጠረገች። ያቺው አንዷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። እንዴት ያለ ደስ የሚል ቃል ነው! ሥጋው ነው እንደማለት። እየተመላለሰች ስትደጋግመው እቴቴ ከውስጥ ጮኸች፤ “ወይ ተቀመጪ ወይ ሂጂ! ወለሉን ጨረስሽው!”

ሎሚ ቆረጠች፣ ጨርቅ አራሰች፣ ቀኝ ኪሷ ከተተች። ሄደች።

ኮረብታው ላይ የትላንት እግሯ አሁንም ይታያል፤ ጭቃው አልደረቀም። ዱካዋን ተከትላ ጎንበስ እያለች ሄደች። ቅጠል ስትለቅም አገዳው ይቀራል፤ የቀረው አገዳ ደግሞ አይዋሽም። ነጠላ፣ ነጠላ፣ ነጠላ፣ የሽንኩርት ነው። ነጠላ፣ ነጠላ። ግማሹን ቦታ ስትጨርስ ትከሻዋ መውረድ ጀመረ። ሼፉ እውነቱን ነው።

ከዚያ የወደቀው ግንድ ጥግ ደረሰች፤ ትላንት እጇ በጣም የፈጠነበት፣ በራሷ ፍጥነት የሳቀችበት ቦታ። እዚያ አንድ አገዳ አለ፣ ውስጡ ሌላ አገዳ፣ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት። አጠገቡ ሌላ። ሌላ። ተንበረከከች። ሁለት ዓመት በሰው ደረጃ ላይ የተንበረከከችው ጉልበቷ ጭቃው ውስጥ ገባ። በግራ እጇ እየነካች ቆጠረች። አሥራ አራት ነበሩ። አንዷ ክሊኒክ ቀርታለች። አሥራ ሦስቱ ወጥ ቤት ገብተዋል።

ዙሪያዋን አየች። ሰው የለም። በእግሯ ብትጨፈልቃቸው በአንድ ዝናብ አፈር ይሆናሉ። ሰኞ ጋውኑን ትለብሳለች፣ ሰዎቹ የድንጋጤዋን ቀልድ ሁለት ሳምንት ስቀውበት ይተዉታል። ደንቡን ትይዛለች፣ በግራ ትለቅማለች፣ የሚጠይቃት ሰው ሲመጣም ቀኝ እጅ የአፍንጫ ነው ትለዋለች።

ቀኝ እጇን ከኪሷ አወጣች። የአንዱን አገዳ ጫፍ አሸት አድርጋ አፍንጫዋ ላይ አደረሰች። ሣር። ጨርቁ ላይ ጠረገችና ሁለተኛውን አሸተተች። ሣር። አሥራ አራቱንም፣ አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል። ከዚያ በግራዋ ከሥራቸው ነቀለቻቸውና ጨብጣቸው ተነሣች። ጉልበቷን አላራገፈችም።

ቅዳሜ ማተሚያ ቤቱ እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል። ሼፉ ይኖራል፣ ጋሽ አራሚም ይኖራል፣ የጥራዝ ክፍል ሴቶችም ለሳቅ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ሐዲዱን ተሻግራ አውቶቡሱን ስትሳፈር ያቺው የትላንቷ ወፍራም ሴትዮ መግቢያው አጠገብ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ አየቻትና አፍንጫዋን ለመያዝ እጇን አነሣች፤ አነፈነፈች፤ ግራ ገብቷት መልሳ አወረደችው።

በምላጭ ግራ እጅ ያለው ምንም አይሸትም ነበር።